ለቅሶ የሌለበት ሳምንት

እናቴ አልቃሽ ናት። ሥራዬ ብላ የያዘችው ነገር አይደለም፤ ዳባት ውስጥ ሞት የገባበት ቤት ይልክባታል፣ እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፣ ሟቹን አብረውት ከኖሩት ሰዎች ይልቅ አሳምራ ታነሣዋለች። ድምፅዋ የሚወጣው ከደረቷ ነው። ደረቷ ደግሞ ከወጣትነቷ ጀምሮ አስም አለበት፤ ብርድ በበረታ ጊዜ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታነጋው። አዲስ የኮሮና ማዕበል መጣ በተባለ ጊዜ እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር፤ የእናቴ ደረትና የለቅሶው ድንኳን። ሁለቱን እንዴት እንደማለያያቸው አላውቅም ነበር።

እኔ የምኖረው ደባርቅ ነው፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በማታው ክፍል፣ የእኔ ታናሽ ሊሆን የሚችል መምህር ፊት፣ ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ እያለ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት የተጻፉ ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ፣ ከሕፃንነቱ መጽሐፍ ይዞ ካደገው ሰው ይልቅ እኔ ግራ ይገባኛል። ያን ሰሞን ደግሞ የማይጣላ ወረቀት አልነበረም።

ጦርነቱ እስከ ዳባት ደጃፍ ደርሶ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ሰው ገና ሙቶቹን አልቅሶ አልጨረሰም። በገናና በጥምቀት መካከል አገሩን በሙሉ ሳል ያዘው። ማንም ግን ኮሮና ብሎ አልጠራውም፤ «ጉንፋን ነው» ነበር የሚባለው፣ «ዘንድሮ ጉንፋኑ በርትቷል»። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ገበያ ላይ ተፈለገ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ልመርመር ብል መመርመሪያው አልቋል ተባልሁ፤ «እንደ ኮሮና አድርገሽ ያዢው» አሉኝ። ይህን ቃል ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ከሥሩም ጥያቄ ምልክት አደረግሁበት። እንደ ኮሮና አድርጎ መያዝ ማለት ምን ማለት ነው? ከሥራ መቅረት ነው? መምህራኑ ሁሉ እየሳሉ ያስተምሩ ነበር። ማስክ ማድረግ ነው? ማስኩ በዚያን ጊዜ ከአፍ ወርዶ አገጭ ላይ ካረፈ ሰንብቷል። ጉዳይ ሊያስፈጽም ቢሮ የሄደ ሰው ብቻ ነበር የሚያስታውሰው፤ ዘበኛው ያለ ማስክ አላስገባም ይላል፣ ከውስጥ የሚወጣው ሰው የራሱን ያወልቅና ለሚገባው ይሰጠዋል፣ ዘበኛው ራሱ ተቀብሎ ያቀብላል። መመሪያው ተከብሯል። እኔም አንድ ቀን በዚህ መንገድ የሰው ማስክ ተዘርግቶልኝ፣ የራሴ አፌ ላይ እያለ፣ አልቀበልም ስል እንደ ኩሩ ታየሁ።

ክትባቱማ የባሰ ነበር። እኔ መጀመሪያ የተወጋሁት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን ነው። «በቃሽ» ተብዬ ካርዴን መዝገበ ቃላት ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ኋላ ማጠናከሪያ ያስፈልጋል ተባለ። ማጠናከሪያ ትምህርት አውቃለሁ፤ ፈተና የሚያስፈራው ተማሪ የሚገባበት ነው፣ እኔም ስንት ክረምት ገብቼበታለሁ። ማጠናከሪያ መርፌ ግን ለማን ነው? አንዱ ወረቀት ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ በሽታ ላለባቸው ይላል፤ ሌላው ለሁሉም ይላል፤ ሬዲዮው ሦስተኛ ይላል፣ ለእኔ ሁለተኛዬ ሆኖ ሳለ። አብሮኝ ሻይ የሚጠጣ የባዮሎጂ መምህር አለ፤ እሱን ብጠይቀው ወረቀቶቼን አገላብጦ፣ «እኅቴ፣ አንቺ ክትባቱን የምታነቢው ነው እንጂ የምትወጊው አልመሰለኝም» አለኝ። እሱ ተወግቶ ነበር። ለምን እንደ ተወጋ ብጠይቀው ሰልፉ አጭር ስለ ነበረ ነው አለ።

ለራሴ መወሰን ባልችልም ለእናቴ ወሰንሁ። የእሷ ነገር ግልጽ ነው፤ ዕድሜም አላት፣ አስምም አለባት፣ ሁለቱን ወስዳለች፣ ጊዜውም አልፏል። ዳባት ላይ ክትባት የሚሰጡት ሰዎች ቅዳሜ የመጨረሻ ቀናቸው እንደሆነ ሰማሁና ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

በሚኒባሱ ውስጥ ሰው ከሰው ላይ ነው። አምስት ሰው በሚስልበት መኪና ውስጥ መስኮቶቹ ሁሉ ጥርቅም ብለዋል። እኔ በመስኮቱ በኩል ስለ ነበርሁ የጣት ስፋት ያህል ከፈትሁት። ያን ጊዜ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። አየር መግባት እንዳለበት፣ በሽታው በተዘጋ ቦታ እንደሚተላለፍ በትሕትና አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ።

«እኔ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ኮሮናውን ዓይቼው አላውቅም። የደባርቅን ብርድ ግን አውቀዋለሁ። ዝጊው።»

አንዲት ሴት ከፊት ሆና፣ አየር የሚወድ ሰው ከላይ ከዕቃው ጋር ይጫንለት አለች፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ፣ ሲስቅም ሳል ያዘው። ሽማግሌው በእኔ ላይ ተንጠራርተው መስኮቱን ራሳቸው ዘጉት። ዳባት እስክንደርስ ማስኬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥሁ።

እናቴ ነገሩን ስነግራት በመጀመሪያ ቀለደችብኝ።

«ሁለቱን ተወጋሁ። ሦስተኛው ለምንድን ነው፣ ለሥላሴ ነው?»

የመርፌው ጉልበት ከጊዜ ጋር እንደሚደክም ነገርኋት። የእኔስ ጉልበት መች ቀረ አለች። ለደረቷ እንደሆነ፣ በሽታው ቢይዛት እንኳ እንዳይጸናባት እንደሆነ፣ ቃል በቃል እንዳነበብሁት አስረዳኋት። «ይሁን፣ እወጋለሁ» አለች። «ግን እስቲ እትዬ ይለይላት።»

እትዬ የምትላቸው የማኅበር እኅቷ ናቸው፤ ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ቤታቸው ከእኛ ሁለት አጥር ወደ ላይ ነው። በወጣትነታቸው ውኃ አብረው ቀድተዋል፣ ባሎቻቸውን በአንድ ዓመት ቀብረዋል። እኔም እንደ እናቴ እትዬ ነበር የምላቸው። ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ጉንፋን ነው ተብለው ከተኙ። እናቴ እንዲህ አለችኝ፤ እትዬ ከአሁን አሁን ቢለይላት ይጠሩኛል፣ ያን ጊዜ መርፌው አሞኝ ብገኝስ?

«የሚያመው ክንድ ነው እንጂ ድምፅ አይደለም» አልኋት።

ይህን ቃል ደብተሬ ላይ አልጻፍሁትም፤ መጻፍ ሳያስፈልገኝ ነው የያዝሁት።

ያን ምሽት እትዬን ልትጠይቅ ስትነሣ ተከተልኋት፤ ቤት እንዳትገባም አስማልኋት። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። የታመመ ሰው በአጥር አይጠየቅም፤ ጠያቂ ገብቶ ከእግር በኩል ይቀመጣል፣ ግንባር ይዳስሳል። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከደጅ ተጣራች።

«እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት ነሽ?»

ከውስጥ ሳል ቀደመ። «ከመቼ ወዲህ ነው በአጥር የምትጠይቂኝ? ግቢ እንጂ።»

«ልጄ ናት የከለከለችኝ።»

«አዬ፣ የተማረ ልጅ። እንግዲያ በደብዳቤ እንጠያየቃ።»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ረዥም ጊዜ አልመለስ አላቸው። እናቴ እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ «ደኅና እደሪ» ብላ ተመለሰች። መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ እናቴን ስንተኛዎ ነው ብትላት፣ «እሷ ታውቃለች፣ ደብተር አላት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ነርሷ ክንዷን እየጠረገች፣ ሊያም ይችላል፣ ትኩሳትም ሊኖር ይችላል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው አለች። ይህንንስ ጻፍሁት። ጻፍሁት እንጂ ከእትዬ ጋር አላገናኘሁትም። ከዚያ ነርሷ መርፌዋን አስቀምጣ «አንቺስ?» አለችኝ። ሁለታችንም በአንድ ቀን ካተኮሰን ማን ማንን ያስታምማል አልኋት። ጥሩ ምክንያት ነበር። ምክንያት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ማታ እናቴን ብርድ ብርድ አላት። ጋቢ በጋቢ ላይ ደረብሁላት፤ ጥርሷ ግን ይጋጭ ነበር። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከወደ ላይ የአንዲት ሴት ጩኸት ተሰማ። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እትዬ ናት» አለች።

ለመነሣት ሞከረች። ተመልሳ አልጋው ላይ ወደቀች። ሁለተኛ ሞከረች። በሦስተኛው እኔ ያዝኋት፤ ሰውነቷ እንደ እሳት ይጋረፋል። መርፌው ነው፣ ነገ ይለቅሻል ብዬ ላጽናናት ብል፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። እኔ ሳልመጣ፣ ረቡዕ ዕለት፣ እትዬ ቤት ገብታ ውላ ነበር። ገንፎ አገንፍታ በእጇ አጉርሳቸዋለች። አፋቸውን በነጠላዋ ጠርጋላቸዋለች።

እንግዲህ ትኩሳቱ የመርፌው ነው ወይስ የእትዬ? ለነርሷ ደወልሁ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ወይም ሁለቱም በአንድ ላይ። መርፌው ከሆነ ደግፌ ልወስዳት እችላለሁ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣም ቢሆን ታለቅሳለች። በሽታው ከሆነ ግን ይዤያት የምገባው ያገሩ አሮጊት ሁሉ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ነው። ጤና ነክ ወረቀቶቼን ሁሉ መሬት ላይ ዘረጋኋቸው። ለቅሶ የሚል ቃል የሚገኝበት አንድም አልነበረም። መሰብሰብን ያስወግዱ ይላሉ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ዳባት ላይ ማንን ቀብሮ ያውቃል?

«አትሄጅም» አልኋት በመጨረሻ።

ፀሐይ ወጥቶ እድርተኛው ድንኳን ሲተክል፣ ካስማ ሲመታ ይሰማን ነበር። «እንግዲያ ሂጂልኝ» አለች።

«ሄጄ ምን ልሁን?»

«እኔን ሁኚ።»

ድምፅ እንደሌለኝ ታውቃለች። ሰው ፊት ቆሜ መናገር እንደማልችል ታውቃለች፤ መጽሐፍ ያስለመደኝ ዝምታ ነው። ቢሆንም ግጥሟን ነገረችኝ። ሁለት ስንኝ ነው፤ እያተኮሳት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለእትዬ ያወጣችው።

አብረን ነበር የምንሄድ ገበያም ሆነ ጸበል፣
ዛሬ ብቻሽን ሂጂ እንዴት አድርጌ ልበል።

እስክሪብቶዬን ሳወጣ ዓይኗን ገለጠች። «በቃልሽ ያዢው። ወረቀት ይዘሽ እንዳትገቢ፤ ቃለ ጉባኤ አይደለም።»

ሄድሁ። ከድንኳኑ ዳር፣ ነፋስ በሚነፍስበት በኩል፣ ማስኬን እስከ ዓይኔ ሥር ስቤ ቆምሁ። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ በሌለችበት እትዬን ማን ያነሣታል የሚል ጥያቄ ዓይናቸው ላይ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት ረዥም አሮጊት ተነሥተው ወደ እኔ መጡ፤ የእናቴ ተቀባይ ናቸው፣ እሷ የምታወጣውን ግጥም ለዓመታት ተቀብለው ለሕዝቡ የሚያዳርሱ። እናትሽስ አሉኝ፤ አሟታል አልኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ፤ ምን አሟት ብለው ግን አልጠየቁም። ጉንፋን እንደሚሆን ገምተዋል። መርፌውን አልነገርኋቸውም።

«ቃል ሰጥታሻል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በይ።»

አልሁት። ለራሴ እንኳ አልተሰማኝም። ደግመሽ በይው አሉኝ፤ ደገምሁት። አሮጊቷ ወደ ማስኬ ተመለከቱ።

«አንሺው ልጄ። የተገነዘችው እሷ እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት ያላወረድሁትን ጨርቅ፣ ከየትም ይልቅ መውረድ በማይገባው ቦታ፣ አወረድሁት። ስንኞቹን በንግግር ድምፅ፣ ክፍል ፊት እንደ ቆመ ተማሪ፣ አንድ በአንድ አልኋቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው በዜማ አወጡት። ግን እንደ ነገርኋቸው አላሉትም። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይነኩ ሁለተኛውን፣ «ዛሬ ብቻሽን ሂጂ በምን አፌ ልበል» አሉት።

ድንኳኑ በሙሉ አነባ። እኔ፣ የእትዬ ሬሳ እፊቴ እያለ፣ ቃሉ ተሳስቷል ብዬ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ደግነቱ ዕንባዬ ቀደመኝ።

ቤት ስመለስ ከደፍ አላለፍሁም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ማስኬን መልሼ አድርጌ፣ ስለ ቀብሩ ነገርኋት። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የትኛው ቄስ ፈታ። ግጥሜን እንዴት አወጡት አለች። የተለወጠውን ስንኝ እንዳለ ነገርኋት፤ ስሕተቱን እንድታውቀው ነበር ሐሳቤ። እናቴ ጣሪያውን እያየች ደገመችው።

«ማናት ‹በምን አፌ› ያለችው?»

«ተቀባይሽ።»

«ሃያ ዓመት ስትቀበለኝ ኖራ፣ ዛሬ ገና ሰጠችኝ» አለች፤ ከዚያም ፊቷን በጋቢው ሸፈነች።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። መርፌው ነበር ማለት ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሳሉ ጀመራት፤ ሳሉም ከሳምንት በኋላ ተዋት። እንግዲያ ሁለቱም ነበር? እኔም ደባርቅ ከተመለስሁ በኋላ በአራተኛው ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ከድንኳኑ ነው ብዬ እንዳልወስን ሚኒባሱ አለ፤ ከሚኒባሱ ነው እንዳልል ትምህርት ቤቱ አለ። መመርመሪያ አሁንም የለም። የባዮሎጂ መምህሩ ሻዩን ይዞ ከሩቅ፣ ከካታሎጉ መሳቢያ ማዶ ቆመና፣ «እስካሁን እያነበብሽ ነው?» አለኝ። ወረቀቶቼን አጣጠፍሁ። እናቴ ባትወጋ ኖሮ በሽታው ደረቷን ይሰብረው ነበር ይሆን? ወይስ ባትወጋ ኖሮ እሑድ ጠዋት ተነሥታ፣ እንደ ማንኛውም ቀን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የማኅበር እኅቷን በራሷ ድምፅ ትሸኝ ነበር? ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኋቸው። ገጹ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ቀብር ያመለጠው ሰው በአርባው ያለቅሳል። የእትዬ አርባ ሲደርስ እናቴን ይዤ ልሄድ ዳባት ወረድሁ። ያን ቀን ጠዋት ግን እንደገና ማሳል ጀመርሁ። ተራ ጉንፋን ነበር ይመስለኛል፤ ይመስለኛል የሚለው ቃል ግን በዚያን ጊዜ ለእኔ ምንም አይፈታም። ሕጉ የእኔ ነውና ሕጉን ጠበቅሁ። እናቴን እስከ አጥሩ አድርሼ እኔ ከውጭ ቀረሁ፤ እሷ ያን ምሽት የቆመችበት ቦታ ላይ።

ከውስጥ የሰዎች ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያም ዝም አለ። የእናቴን ድምፅ ዐወቅሁት። እንደ ቀድሞው አልነበረም፤ በየስንኙ መካከል ትንፋሽ ትፈልግ ነበር። መጀመሪያ የቀብሩን ግጥም አለችው፣ ተቀባይዋ እንዳሳመሩት፣ «በምን አፌ ልበል» ብላ። ከዚያ አዲስ አወጣች።

ያን ቀን ካንቺ ቀብር ትኩሳት አስቀረኝ፣
መርፌው ይሁን ጉንፋን ማንም አልነገረኝ።

በመጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ሌሎቹም። ተቀባይዋ ግን ሳይስቁ ተቀበሉና አወጡት፤ በሁለተኛው ዙር ሁሉም አለቀሱ። እኔ ማስኬ ውስጥ የማደርገውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

ስትጨርስ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ መጣች። ጥቂት ርምጃ ሲቀራት እንደ ደንቤ ቆመች፣ እጇን በአጥሩ ላይ አድርጋ ትንፋሽዋን ሰበሰበች።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«አትጽፊውም መቼም።»

ከቀብሩ ስላስቀረኋት ስለ ቁጣዋ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣ እንደሆነም እርግጠኛ አልነበርሁም። በእሱ ፈንታ ሌላ ዙር ክትባት ቢመጣ ትወጋ እንደሆነ ጠየቅኋት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እወጋለሁ። ግን ለቅሶ የሌለበት ሳምንት ፈልጊልኝ።»

ወደ ደባርቅ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ እናቴ ያለችውን እንደ አንድ ቅድመ ሁኔታ ከሌሎቹ ሥር ጻፍሁት፣ ከዚያም ሳምንቶቹን መቁጠር ጀመርሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የጎረቤታችን ሙት ዓመት አለ። ከዚያ በኋላ ባለው በጦርነቱ የሞተ የአንድ ልጅ ተዝካር። ከዚያ በኋላ ያለውን ገና ማንም አያውቀውም። የእኔን ደግሞ በሌላ ዓምድ ጻፍሁ። እኔን የሚጠብቀኝ ለቅሶ የለም፤ የምሸኘው ሰው፣ የማወጣው ግጥም የለም። ያልተወጋሁበትን ምክንያት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ፈለግሁት። ደባርቅ ስንገባም አላገኘሁትም ነበር።